ሻጋታ ከጎታችን እንዳይገባ

ፊደል ልናስተምር በሄድንበት መንደር፣ ክረምት ላይ ነው። ያረፍንበት ቤት እናት ከጎታው በቆሎ አወጡ። ፍሬው አረንጓዴ ሻጋታ ለብሷል። «እሳት የነካው ምን ያደርጋል፣ ልጆቼ?» ብለው አጥበው ቆሉልን። እኛም ይሉኝታ ይዞን ከልጆቻቸው ጋር በላን። መናገር ነበረብን። ዛሬ እንናገር።

ሻጋታ እርጥበት ባለበት፣ ነፋስ በማይገባበት ቦታ ይበቅላል። አንዳንዱ ሻጋታ መርዝ አለው። በበቆሎና በለውዝ ላይ የሚገኘው አፍላቶክሲን የሚባለው መርዝ ጉበትን ይጎዳል። እህሉ ቢታጠብም፣ ቢቆላም መርዙ ጨርሶ አይጠፋም። «ለላሟ ይሁን» ብንል በወተቷ ወደ ልጆቻችን ይመለሳል።

ታዲያ ምን ይደረግ?

እህሉን በባዶ መሬት ሳይሆን በሰሌን ላይ አስጥተን እናድርቅ። መድረቁን በጨው እንፈትን። ደረቅ ጠርሙስ እስከ ሲሶው እህል እንጨምርበት፤ 2 ማንኪያ ደረቅ ጨው እናክልበት። ከድነን 1 ደቂቃ እንነቅንቀው፤ 15 ደቂቃ እናቆየው። ጨው ከጠርሙሱ ጎን ከተጣበቀ እህሉ ገና እርጥብ ነው፤ ተመልሶ ይሰጣ።

ጎታውን በድንጋይ ላይ ከፍ፣ ከግድግዳው ፈቀቅ እናድርገው። የሚያፈስ ጣራ ክረምት ሳይገባ እንክደን። ውሃው እንዲሄድ በቤቱ ዙሪያ ቦይ እንቅደድ። ፀሐይ ሲወጣ በርና መስኮት እንክፈት።

የሻገተውን መጣል ያንገበግባል፤ የዓመት ልፋት ነውና። ልጅ ግን ከእህል ይበልጣል።

ጥያቄ፦ የቤታችሁ ጎታ ከመሬት ከፍ ብሏል ወይስ መሬት ነክቷል?