ዳገት የለመደ እግር ምን ያግደዋል?

«እኔና ሩጫ?» ብለህ ሳቅህ፣ አይደል?

ቆይ። አሸተን ማርያምን ለመሳለም ስንት ጊዜ ወጥተሃል? ያን ሁሉ ሽቅብ ስትወጣ «አትሌት» ያለህ አለ? የለም። እግርህ ግን ሥራውን ሲሠራ ኖሯል። የላሊበላ ልጅ እኮ ነህ፤ ከቤትህ ወጥተህ ሜዳ ብትፈልግ የምታገኘው በመከራ ነው!

ከተማህ ያለችው 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። እዚህ በአንድ ትንፋሽ የምትስበው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚገኘው በሩብ ያህል ያንሳል። የውጭ ሯጮች እንዲህ ባለ ስስ አየር ለመለማመድ ገንዘብ ከፍለው ወደ ደጋ አገር ይመጣሉ። አንተ በነጻ ትተነፍሰዋለህ። ታዲያ ምን ያዘህ?

እኔ ልንገርህ። ይሉኝታ ነው።

«ሰው ምን ይለኛል? ማን አሳድዶት ነው ቢሉኝስ?» ትላለህ። መድኃኒቱ ደግሞ አብሮ መሮጥ ነው።

ኅዳር 1994 ዓ.ም. ኃይሌ ገብረሥላሴ ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያን ሲጀምር፣ አዲስ አበባ ላይ 10 ሺህ ያህል ሰው ለ10 ኪሎ ሜትር ተሰለፈ። ያሸነፈው ራሱ ኃይሌ ነው፤ ማን ሊቀድመው! ቀኑን ያደመቀው ግን ከኋላ የመጣው ሕዝብ ነው። ዛሬ ተሳታፊው ከ40 ሺህ በላይ ደርሷል። ይሮጣል፣ ይራመዳል፣ ይጨፍራል፣ ደግሞ ይሮጣል። ሁሉም አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሶ ማን በማን ይስቃል? (ቲሸርቱን ለብሶ፣ ፎቶ ተነሥቶ፣ ማኪያቶ ቤት የሚቀርም አለ። እሱን ተወው።)

አንቺስ? በዓለም የሴቶች ቀን ሰሞን ቅድሚያ ለሴቶች የሚባል የ5 ኪሎ ሜትር ሩጫ አለ። አምስት ኪሎ ሜትር ከከተማ ነአኩቶ ለአብ እንኳ አያደርስሽም። ትችያለሽ!

መሪ ቃል ያለው ሩጫ ደግሞ ሌላ ጉልበት አለው። ለራስህ ብቻ ስትሮጥ ሦስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ሰበብ አታጣም። ደረትህ ላይ «ሴት ልጆች ይማሩ» የሚል ጽሑፍ ለብሰህ ከጎረቤትህ ልጅ ጎን ስትሮጥ ግን ማቆም ያሳፍርሃል። ሲያስርህ የኖረው ይሉኝታ አንድ ቀን እንኳ ይጥቀምህ!

አዲስ አበባ ሩቅ ነው? እዚሁ ሩጡ።

ዛሬ ጀምር። ሁለት ደቂቃ ሩጥ፣ ሁለት ደቂቃ ተራመድ። ከጓደኛህ ጋር እያወራህ መሮጥ ካቃተህ ፈጥነሃል፤ ቀንስ። ዳገቱን በአጭር በአጭር እርምጃ ያዘው። ሰው የሚፈራው ዳገቱን ነው፤ በማግስቱ ጭንህን የሚያሳምምህ ግን ቁልቁለቱ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ሰሞን ሽቅብ ሩጥ፣ ቁልቁል ተራመድ። ስንቅስ? የላስታ ገብስ በሶ እያለልህ የታሸገ ነገር ምን ያደርግልሃል? ጾም ከሆነ ልምምድህን ወደ መፍቻው ሰዓት አስጠጋው።

ከዚያ ሰው ሰብስብ። ቲሸርት የለም? ነጭ ልበሱ። በገና ሰሞን ነጭ የለበሰ ምዕመን ቀናት በእግሩ ተጉዞ እዚህ ከተማ ይገባ የለ? ለዚህ መንገድ ነጭ ልብስ አዲሱ አይደለም። መሪ ቃል ምረጡ፤ የችግኝ ይሁን፣ የከተማ ጽዳት ይሁን፣ የትምህርት ይሁን። ኮሚቴ ግን አታብዙ፤ ሩጫው በስብሰባ ያልቅባችኋል።

ቅዳሜ ገበያ ነው፣ መንገዱ ይጨናነቃል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አድርጉት። ሰፈርህ ያለውን የስፖርት መምህር ዛሬውኑ አናግረው፤ የስም ዝርዝሩንም በራስህ ስም ጀምር።