የአእምሮ ንጽሕና፤ ለዕለት ጭንቀት ማብቂያ ስለ መስጠት

ንጽሕና ሲባል ብዙ ጊዜ የሚታሰበን እጅን መታጠብ፣ የመጠጥ ውሃን ማፍላትና ግቢን መጥረግ ነው። የአዲስ አበባ ሕዝብ በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ያደረሰበትን እልቂት ሳይረሳ፣ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን የቤቱንና የደጁን ጥራጊ እየሰበሰበ ሲያቃጥል መኖሩ የታወቀ ነው። ነገር ግን ጥራጊ የሚከማቸው በደጅ ብቻ አይደለም። ተጀምሮ ያልተፈጸመ ሥራ፣ ያልተከፈለ ዱቤ፣ መልስ ያላገኘ ደብዳቤ፣ ከባልደረባ ጋር የተደረገ ክርክር፣ ይህ ሁሉ በአእምሮ ውስጥ ይከማቻል። በየዕለቱ ካልተነሣም እንቅልፍ ይነሣል፤ ፊትን ያጠቁራል፤ የማግሥቱንም ሥራ ያበላሻል። ስለዚህ በዚህ ወር ትምህርታችን የዕለት ጭንቀት በሰውነት ላይ የሚያደርሰውን ነገርና ሥራችን ሳይጓደል ልናቃልለው የምንችልበትን መንገድ እንመለከታለን።

ጭንቀት በሰውነት ውስጥ

አንድ ሰው ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ወጥቶ ወደ ፒያሳ ለመሄድ አውራ ጎዳናውን ሲያቋርጥ መኪና በድንገት ክላክስ ቢያሰማበት፣ ነገሩን ገና ሳያስብ ሰውነቱ ይደነግጣል። ከኩላሊቶቹ በላይ ያሉት ሁለት ትንንሽ ዕጢዎች አድሬናሊን የተባለውን ንጥረ ነገር ወደ ደም ይለቃሉ። ልቡ ፈጥኖ ይመታል፤ ትንፋሹ ይፈጥናል፤ ጉበቱ ያከማቸውን ስኳር ወደ ደም ይሰጣል፤ የሆዱ ሥራ ግን ይዘገያል። ጥቂት ቆይቶም ኮርቲዞል የተባለው ሌላ ንጥረ ነገር ይከተላል። ሰውየው መንገዱን ተሻግሮ ደኅና መሆኑን ሲያውቅ ይህ ሁሉ ቀስ በቀስ ይበርዳል። እንግዲህ ይህ ሥርዓት ሰውን ከአደጋ የሚያድን እንጂ በሽታ አይደለም።

በ1928 ዓ.ም. በካናዳ በሞንትሪያል ከተማ ይሠራ የነበረው ሊቅ ሃንስ ሴልየ በአይጦች ላይ ባደረገው ምርመራ፣ ሰውነት ለልዩ ልዩ ዐይነት መከራ የሚሰጠው መልስ ሦስት ደረጃ እንዳለው ገለጸ። መጀመሪያ ሰውነት ይደነግጣል፤ ቀጥሎ መከራውን ይቋቋማል፤ መከራው ካላቋረጠ ግን በመጨረሻ ይዝላል። ከዚህ የምንማረው ለዕለት ኑሯችን የሚጠቅም ነው። መኪናው ያልፋል፤ የቤት ኪራይ፣ የአለቃ ቁጣና ያልታረመ የደብተር ክምር ግን እንደ መኪናው አያልፉም። ሰውየው ቤቱ ገብቶ ከተኛም በኋላ ይከተሉታል። ሰውነቱም አደጋው ያልተወገደ መስሎት ነቅቶ ያድራል። በዚህ ምክንያት ራስ ምታት፣ የአንገትና የትከሻ ሕመም፣ የሆድ መታወክ፣ የደም ግፊት ከፍ ማለት፣ መርሳትና በጥቂቱ መቆጣት ይመጣሉ።

በ2011 ዓ.ም. የዓለም ጤና ድርጅት በሥራ መዛልን በበሽታዎች መዝገቡ ውስጥ ከሥራ ጋር የተያያዘ ሁኔታ አድርጎ ሲገልጸው፣ ሦስት ምልክቶችን አስቀምጧል። እነርሱም የኀይል ማለቅ፣ ከሥራው በሐሳብ መራቅ ወይም ሥራውን መጥላት፣ የሥራ ውጤትም መቀነስ ናቸው። ድርጅቱ ይህንን በሽታ ብሎ አልጠራውም፤ በሥራ ቦታ ያለ፣ በሚገባ ያልተያዘ የረጅም ጊዜ ጭንቀት ውጤት መሆኑን ግን አስረድቷል። እንግዲህ የትምህርታችን ዋና ነገር ይህ ነው፤ ጭንቀት የሚጎዳው በብዛቱ ብቻ ሳይሆን ማብቂያ በማጣቱ ነው።

በአራዳ ያለው ኑሮ

በቀድሞ ዘመን የከተማችን ታላቁ ገበያ በዚሁ በጊዮርጊስ አጠገብ በአራዳ ይቆም ነበር። በኢጣሊያ ወረራ ዘመን ገበያው ዛሬ መርካቶ ወደሚባለው ስፍራ ተዛወረ። የዚያን ጊዜ ሻጭና ገዢ ፀሐይ ስትጠልቅ ወደየቤቱ መግባት ግድ ነበረበት። የሰዓት አቆጣጠራችንም ይህንኑ የተከተለ ነው፤ የቀኑ ሰዓት ከንጋት ጀምሮ ይቆጠርና በምሽት 12 ሰዓት ይፈጸማል። ዛሬ ግን የኤሌክትሪክ መብራትና የእጅ ስልክ ቀኑን ማብቂያ አሳጥተውታል። መምህሩ ከእራት በኋላ የወላጆች መልእክት ይደርሰዋል፤ ጸሐፊዋ በአልጋዋ ላይ ሆና የነገውን ባለጉዳይ ታስባለች፤ ባለሱቁም በሩን ከዘጋ በኋላ በስልክ ስለ ዋጋ ይከራከራል።

በዚህ ላይ በ2016 ዓ.ም. በፒያሳና በአካባቢው ለኮሪደር ልማት ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰው ነዋሪዎቻቸው ወደ ሌሎች ሰፈሮች ተዛውረዋል። ወደ አዲስ ሰፈር የሄደ ሰው ሥራው እዚሁ አራዳ ከሆነ፣ ማለዳና ማታ በመንገድ ላይ የሚያልፈው ጊዜ ይበዛበታል። ከዚህም የሚከብደው የቡና ጎረቤቱን፣ እድርተኛውንና ልጁን ከትምህርት ቤት የሚቀበልለትን ሰው ከአጠገቡ ማጣቱ ነው። ሰው ችግሩን የሚያካፍለው ጎረቤት ሲያጣ ያው ችግር እንደሚከብደው መዘንጋት የለብንም።

ምን እናድርግ?

አንደኛ፤ ሥራን በወረቀት ማስፈር። አእምሮ ያልተፈጸመውን ሥራ እንዳይረሳው እያነሣ ይጥለዋል። በወረቀት ላይ ሲሰፍር ግን ይህ ሸክም ይቀልለታል። በ2010 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በታተመ ጥናት 57 ወጣቶች ከመኝታቸው በፊት ለአምስት ደቂቃ እንዲጽፉ ተደርጎ ነበር። የሚቀጥሉትን ቀኖች ሥራ የጻፉት፣ የፈጸሙትን ሥራ ከጻፉት ይልቅ በአማካይ 9 ደቂቃ ያህል ቀድመው እንቅልፍ ወሰዳቸው። ስለዚህ ከመኝታ በፊት ለማግሥቱ የታሰበውን ሥራ በዝርዝር መጻፍ መልካም ልማድ ነው። ነገር ግን «ትምህርት ማዘጋጀት» ብሎ ከመጻፍ «የ5ኛ ክፍልን የሒሳብ ትምህርት እስከ 3 ሰዓት ማዘጋጀት» ብሎ መጻፍ ይሻላል፤ የኋለኛው ማብቂያ አለውና።

ሁለተኛ፤ አንዱን ሳይፈጽሙ ሌላውን አለመጀመር። አባቶቻችን «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም» ይላሉ። ደብተር እያረመ በየጊዜው ስልኩን የሚያነሣ መምህር፣ ወደ እርማቱ በተመለሰ ቁጥር ሐሳቡን እንደ ገና መሰብሰብ አለበት። 60 ደብተር ያለው ሰው በሃያ በሃያ ከፍሎ፣ አንዱን ክምር እስኪጨርስ ስልኩን ከአጠገቡ ያርቅ። ሃያው ሲያልቅ አንድ ሥራ እንደ ፈጸመ ይቁጠረው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደ ተባለው፣ ሁሉንም በአንድ ጊዜ የጀመረ ሰው ስሕተቱን ሲያርም ይመሻል።

ሦስተኛ፤ ሰውነትን ማንቀሳቀስ። በድንጋጤ ጊዜ ወደ ደም የሚገባው ስኳር ለጡንቻ የታሰበ ስንቅ ነው፤ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ግን በሥራ ላይ አያውለውም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴን ይመክራል። ይህንን ለማድረግ ልዩ ስፍራ ወይም ገንዘብ አያስፈልግም። በጊዮርጊስ አካባቢ የሚሠራ ሰው እስከ አራት ኪሎ ታክሲ ከመጠበቅ በእግሩ ቢሄድ፣ ዳገቱና ቁልቁለቱ ራሱ ስፖርት ይሆንለታል። በሥራ መካከል ደግሞ ተነሥቶ በመስኮት አጠገብ መቆምና ለጥቂት ደቂቃ በቀስታ መተንፈስ፣ አየሩን ሲያስወጡም ሲያስገቡ ከቆዩት አስረዝሞ ማስወጣት፣ የልብን ምት ያረጋጋል።

አራተኛ፤ ቀኑን መዝጋት። ባለሱቅ ሒሳቡን ሳይዘጋ በሩን አይቆልፍም። ሌላውም ሠራተኛ እንዲሁ በሥራው መጨረሻ ዐሥር ደቂቃ ወስዶ የተፈጸመውን ይሰርዝ፤ የቀረውን ለማግሥቱ ያሸጋግር፤ መዝገቡንም ይክደን። ከተወሰነ ሰዓት በኋላ አጣዳፊ ካልሆነ በቀር የሥራ መልእክት እንደማይመልስ ለባልደረቦቹና ለወላጆች አስቀድሞ ያስታውቅ። በዚህ ነገር የቢሮና የትምህርት ቤት ኀላፊዎችም ድርሻ አለባቸው። ለሠራተኛው የሚሰጡት ሥራ ልክና ቀን ያለው ይሁን፤ ማታ ማታም አይጥሩት። ከዐቅም በላይ የተጫነ ሰው በራሱ ጥረት ብቻ ሊድን አይችልምና።

አምስተኛ፤ እንቅልፍን መጠበቅ። ለአዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 7 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል። ቡና በልኩ መጠጣት ለጤነኛ ሰው ጉዳት የለውም፤ ነገር ግን በውስጡ ያለው ካፌን ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ ድረስ በአማካይ 5 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ስለዚህ ከቀኑ 9 ሰዓት የተጠጣ ቡና ማታ በ2 ሰዓት ገና ግማሹ በደም ውስጥ አለ ማለት ነው። እንቅልፍ የሚቸግረው ሰው የቡናውን ሰዓት ወደ ጧት ያድርገው። መጠጥ እንቅልፍን ቶሎ የሚያመጣ ቢመስልም በሌሊት ይቆራርጠዋል። ጫትም ልብን ያፈጥናል፤ እንቅልፍን ያባርራል፤ ድካሙንም ለማግሥቱ ያቆያል እንጂ አያስወግደውም።

ስድስተኛ፤ ሐሳብን ማካፈል። የጀበና ቡና ጥቅሙ በስኒው ውስጥ ያለው ብቻ አይደለም፤ ሰው ከሰው ጋር ተቀምጦ የልቡን የሚናገርበት ጊዜ መሆኑ ነው። ከአራዳ ወደ ሌላ ሰፈር የተዛወሩ ቤተሰቦች ቢቻል የቀድሞ እድራቸውን አይተዉ፤ በሳምንት አንድ ቀን ቀጥረው ይገናኙ። በአዲሱም ሰፈር ቀድሞ የደረሰው አዲሱን ጎረቤት ቡና ይጥራው። ይህ ትንሽ ነገር ቢመስልም ከጭንቀት መከላከያዎች አንዱ ነው።

ሐኪም የሚያስፈልግበት ጊዜ

በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሐዘን፣ እንቅልፍ ማጣት ወይም የምግብ ፍላጎት መጥፋት፣ ይወዱት የነበረውን ነገር መጥላት፣ ፍርሃትና የልብ መምታት መደጋገም ከታየ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባል። ሕይወቱን ለማጥፋት የሚያስብ ሰው ካለ አንድ ቀን እንኳ ሳይዘገይ፣ ብቻውንም ሳይተዉት፣ በቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ማድረስ ያስፈልጋል። በከተማችን ለአእምሮ ሕክምና የታወቀው የአማኑኤል ሆስፒታል አለ። ወደዚያ መሄድም የደም ግፊትን ለመመርመር ከመሄድ የተለየ አሳፋሪነት የለውም። በጸሎትና በጠበል የሚጽናኑ ሁሉ ይጽናኑ፤ ሐኪም ያዘዘላቸውን መድኃኒት ግን አያቋርጡ።

ለመምህራን

ልጆች የሚጨነቁበትን ነገር ሁሉ በቃል አይናገሩም፤ የሆድ ቁርጠት፣ ዝምታ ወይም ጠብ ሆኖ ይታይባቸዋል። በተለይ ሰፈር ለውጠው የመጡ ተማሪዎችን መምህራን በርኅራኄ እንዲመለከቷቸው አደራ እንላለን። ተማሪዎች በየቀኑ ከትምህርት በኋላ በትንሽ ወረቀት ላይ «ዛሬ ምን ፈጸምሁ? ለነገ ምን አቆየሁ? ማንን ልጠይቅ?» የሚሉትን ሦስት ጥያቄዎች እንዲመልሱ ማድረግ መልካም ልምምድ ነው። መምህሩም ራሱ ከእነርሱ ጋር ቢጽፍ ይጠቅመዋል።

በከተማችን አነጋገር «አራዳ» የሚባለው ንቁና ብልህ ሰው ነው። ብዙዎች ይህ ብልህነት ያለ ዕረፍት መሮጥ ይመስላቸዋል። በእኛ ዐሳብ ግን ብልህ ሠራተኛ የሚባለው የዛሬውን ሥራ በሰዓቱ ፈጽሞ፣ የተረፈውን በወረቀት አስፍሮ፣ ምሽቱን ለቤተሰቡና ለእንቅልፉ የሚሰጥ ሰው ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳልና፣ አንባቢዎቻችን ከስድስቱ ምክሮች አንዱን መርጠው ከዛሬ ማታ ጀምረው ለአንድ ወር ያህል እንዲሞክሩት እንጠይቃለን።