ከቡችላዋ በፊት እናቷን፦ አሜሪካ ውስጥ ሐቀኛ የትናንሽ ውሾች አርቢ እንዴት ይገኛል?

አገር ቤት ቡችላ የሚገኘው ከሰፈር ነው። የጎረቤት ውሻ ትወልዳለች፣ ልጆች ወሬውን ያመጣሉ፣ እናትየዋ ተናካሽ ትሁን ገራም፣ ጤነኛ ትሁን በሽተኛ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ተቀምጦ ቡችላ ለሚፈልግ ሰው ይህ የለም። ያለው ስልኩ ላይ የደረሰ ፎቶ ነው፤ ራሷ ላይ ሪባን የታሰረላት ማልቲዝ፣ ከሥሯ ዋጋ፣ ከዋጋው ሥር «ቀብድ ዛሬ ካልገባ ለሌላ ትሰጣለች» የሚል መልእክት። ሰፈሩ በነፃ ይሰጠን የነበረውን ዕውቀት እዚህ በጥያቄ፣ በሰነድና በዓይን ራሳችን መሰብሰብ አለብን። ወራት ሊወስድ ይችላል። ትናንሽ ውሾች ግን ብዙ ጊዜ ከ12 ዓመት በላይ ስለሚኖሩ ለፍለጋው የሚሰጥ ጊዜ አይባክንም።

መጀመሪያ የራስዎን ቤት ይመልከቱ

የኪራይ ውልዎን አውጥተው ስለ እንስሳት የሚለውን ያንብቡ። ትንሽ ውሻ የሚፈቅዱ ብዙ አፓርታማዎች የማይመለስ የመግቢያ ክፍያ ይጠይቃሉ፤ ከወር ኪራዩ ጋር የሚደመር የውሻ ክፍያ ያለባቸውም ሞልተዋል። ቀጥሎ የሥራ ሰዓትዎን ያስቡ። ቤተሰቡ ሁሉ ደብል ሺፍት የሚሠራ ከሆነ ቡችላ አይሆናችሁም። በመጀመሪያዎቹ ወራት በየጥቂት ሰዓቱ ወደ ውጭ መውጣት፣ በቀን ሦስት አራት ጊዜ መብላት አለባት። እንዲህ ላለ ቤት ጥሩ አማራጭ አለ። ብዙ አርቢዎች ከውድድር ወይም ከመውለድ ያሳረፏቸውን አራት አምስት ዓመት የሆናቸው ውሾች በአነስተኛ ዋጋ ለደህና ሰው ይሰጣሉ። ውጭ መጸዳዳት የለመደች፣ ጠባይዋ የታወቀ ውሻ ማለት ናት።

ዝርያ ሲመርጡ ከመልኩ ጋር በሽታውንም አብረው እንደመረጡ ይወቁ። ዮርክሻየር ቴሪየር (ዮርኪ) እና ማልቲዝ ከአንጀት የሚመጣው ደም ጉበትን ዘሎ በሚያልፍበት፣ አብሮ በሚወለድ የደም ሥር ጉድለት ይታወቃሉ። ካቫሊየር ኪንግ ቻርልስ ስፓኒየልን የልብ ቫልቭ በሽታ ገና በጉብዝናው ይይዘዋል። ቺዋዋና ሌሎች ትናንሽ ዝርያዎች የጉልበት ሎሚያቸው ከቦታው ይወጣል፤ ሲሮጡ ድንገት አንድ እግር አንስተው በሦስት እግር የሚዘሉት ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። በቶይ ፑድል ዘር ውስጥ ዓይንን ቀስ በቀስ የሚያጠፋ በሽታ አለ። ፊታቸው የተደፈጠጠው ፐግና ፍሬንች ቡልዶግ መተንፈስ ይቸግራቸዋል፤ የሜሪላንድንና የቨርጂኒያን የሐምሌ ሙቀትና ወበቅ ለሚያውቅ ሰው እነዚህን ሁለቱን አልመክርም።

አንድ ነገር ከወዲሁ ይቁረጡ፦ «ቲካፕ» የሚባል ዝርያ የለም። በአሜሪካን ኬነል ክለብ መሥፈርት ዮርኪ ከ7 ፓውንድ፣ ቺዋዋ ከ6 ፓውንድ አይበልጥም። በቂ ትንሽነት ይኸው ነው። ከዚህም አሳንሶ የሚያራባ ሰው የደም ስኳራቸው ቶሎ የሚወርድ፣ ከሶፋ ሲዘሉ አጥንታቸው የሚሰበር ቡችላዎች እያስወለደ ነው፤ ለዚያውም አስወድዶ ይሸጣቸዋል። ማስታወቂያው ላይ ቃሉን ካዩ ይለፉት።

የት ይፈለጋል?

እያንዳንዱ ዝርያ በአሜሪካን ኬነል ክለብ የታወቀ አገር አቀፍ ማኅበር አለው፤ ለምሳሌ የዮርክሻየር ቴሪየር ክለብ ኦፍ አሜሪካ፣ የአሜሪካን ማልቲዝ አሶሲዬሽን፣ የቺዋዋ ክለብ ኦፍ አሜሪካ። ፍለጋው ከእነዚህ ይጀመር። አብዛኞቹ ገዢን ከአባል አርቢዎች የሚያገናኝ ሰው አላቸው። ሁለተኛው መንገድ የውሻ ውድድር ላይ መገኘት ነው። እዚያ አንድ ዝርያ የሚያረቡ ሰዎችን በአንድ ጠዋት ታገኟቸዋላችሁ፣ ውሾቻቸውንም በሰው መሐል እንዴት እንደሚሆኑ ታያላችሁ። ወደ መድረኩ ከመግባታቸው በፊት ጠጉር እያበጠሩ ይጨነቃሉና የሚያናግሯቸው ሲወጡ ይሁን።

ሦስት ነገሮች ብዙ ሰው ያሳስታሉ። የኬነል ክለብ ምዝገባ የቡችላዋን ወላጆች ማንነት ይናገራል፤ ስለ ጤናዋም ሆነ ስለ አስተዳደጓ ዋስትና አይሰጥም። «ዩኤስዲኤ ፈቃድ አለን» የሚለውም እንደሚመስለው አይደለም። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር (ዩኤስዲኤ) የሚሰጠው ይህ የፌዴራል ፈቃድ የሚያስፈልገው በመሠረቱ ከ4 በላይ የሚያራባቸው ሴት ውሾች ኖረውት፣ ገዢው በዓይኑ ሳያያቸው ቡችላ ለሚሸጥ ሰው ነው። ቤቷ ሁለት ውሻ ይዛ ፊት ለፊት የምትሸጥ ጥሩ አርቢ ፈቃዱ ባይኖራት አይገርምም። ፈቃዱ የሚጠይቀውም ዝቅተኛውን ነው፤ የጎጆው ጣሪያ ከቆመች ውሻ ራስ በላይ 6 ኢንች ካለፈ ሕጉ ረክቷል። ሦስተኛው የእንስሳት መደብር ነው። ሜሪላንድ መደብሮች ውሻና ድመት እንዳይሸጡ ከጥር 2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከልክላለች፤ ምክንያቱም መደብሮቹ ቡችላ የሚያመጡት በብዛት ከሚያስወልዱ ማራቢያዎች ነበር። ማራቢያዎቹ ግን አልጠፉም፣ ወደ ኢንተርኔት ዞረዋል።

የመጀመሪያው ስልክ

«ቡችላ አለ? ስንት ነው?» ብለው አይጀምሩ። ጥሩ አርቢዎች እንዲህ የሚጀምርን ሰው ብዙ ጊዜ መልሰው አይደውሉለትም። ማን እንደሆኑ፣ የት እንደሚኖሩ፣ ቤት ውስጥ ማን እንደሚውል፣ ዝርያውን ለምን እንደመረጡ በጥቂት ዓረፍተ ነገር ይንገሯት።

ከዚያ መጠየቅ የእሷ ተራ ይሆናል፣ ትጠይቃለችም። ልጆችዎ ስንት ዓመታቸው ነው? ግቢው አጥር አለው? አከራይዎ ፈቅደዋል? ከዚህ በፊት ውሻ ነበርዎት? ምን ሆነ? ይህ ጥያቄ ብዙዎቻችንን ያስቀይማል። ገንዘቤን ይዤ መጥቼ ለምን እመረመራለሁ፣ ስደተኛ ስለሆንኩ ንቃኝ ነው የሚል ስሜት ይመጣል። እባክዎ በዚህ አይሂዱ። ልጇን የምትድር እናት የአማቿን ቤት እንደምትጠይቅ ሁሉ፣ ቡችላዎቿን የምትወድ አርቢ ሁሉንም ገዢ ትጠይቃለች። መፍራት ያለብዎት ምንም የማይጠይቅዎትን ሰው ነው።

የእርስዎ ጥያቄዎች ደግሞ እነዚህ ይሁኑ። እናትየዋ ስንት ዓመቷ ነው? ስንት ጊዜ ወልዳለች? ቡችላዎቹ የሚያድጉት የት ነው፣ ቤት ውስጥ ወይስ ጋራዥ? በስንት ሳምንታቸው ይሰጣሉ? ከዚህ ቀደም ከእርስዎ የወሰዱ ሁለት ሰዎች ላናግር እችላለሁ? እና ዋናው፦ እናትና አባታቸው ምን ምን ምርመራ አድርገዋል፣ የተመዘገቡበትስ ስም ማን ነው?

ለዚህ ለመጨረሻው «ሐኪም አይቷቸዋል፣ ጤነኞች ናቸው» የሚል መልስ ካገኙ ምርመራ አልተደረገም ማለት ነው። ወረፋ ይጠብቃሉ ቢባሉ ግን አይዘኑ። ሁልጊዜ ቡችላ የማያጣ፣ አምስት ስድስት ዝርያ በአንድ ገጽ የሚሸጥ ሰው ነው የሚያጠራጥረው።

ሰነዱን ራስዎ ያውጡ

ከሁሉ በላይ የሚያዋጣው ይህ እርምጃ ነው፣ ዋጋውም ምንም ነው። ኦ.ኤፍ.ኤ. የሚባል፣ በ1966 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ ድርጅት የውሾችን የዘር በሽታ ምርመራ ውጤት በድረ ገጹ ላይ ለሕዝብ ክፍት አድርጎ ያስቀምጣል። አርቢዋ የሰጠችዎትን የእናትየዋን የተመዘገበ ስም ወይም የምዝገባ ቁጥር መፈለጊያው ላይ ያስገባሉ። ስሙ ረጅም ነው፤ ቤት ውስጥ «ቤላ» የምትባለው ውሻ በምዝገባ አራት ቃል ያለው ስም ይኖራታል፣ እያንዳንዱን ፊደል በጽሑፍ ያስልኩ። ሲገኝ አንድ ሰንጠረዥ ይከፈታል፤ የተመረመረው የሰውነት ክፍል፣ ምርመራው የተደረገበት ቀን፣ የውሻዋ ዕድሜ በዚያን ጊዜ፣ ውጤቱ።

እንዲህ አድርገው ያንብቡት። የጉልበት ሎሚ ምርመራ ላይ «ኖርማል» የሚል መሆን አለበት፤ ችግር ካለ ከ1 እስከ 4 ደረጃ ይሰጠዋል፣ 4 የከፋው ነው። የዓይን ምርመራ የሚያገለግለው ለአንድ ዓመት ብቻ ስለሆነ ቀኑን ይመልከቱ፤ ከሦስት ዓመት በፊት የተደረገ ከሆነ ለምን እንዳልታደሰ ይጠይቁ። ካቫሊየር ከሆነ ልቡን ያዳመጠው የልብ ስፔሻሊስት የእንስሳት ሐኪም መሆኑን ያረጋግጡ። ለዮርኪና ለማልቲዝ የጉበትን ሥራ የሚያሳየው የባይል አሲድ የደም ምርመራ አለ፤ ይህ ቡችላዎቹም ላይ ሊሠራ ስለሚችል ወረቀቱን ይጠይቁ። የቶይ ፑድል የዓይን በሽታ ምርመራ በዲ.ኤን.ኤ. ነው። አንዱ ወላጅ የበሽታው ተሸካሚ መሆኑ ብቻ ሊያስደነግጥዎት አይገባም፤ ሌላው ወላጅ ከበሽታው ነፃ ከሆነ ከቡችላዎቹ መካከል በዚያ በሽታ የሚታወር አይኖርም። ሁለቱም ተሸካሚዎች ከሆኑ ግን ይተዉት።

የአባትየውንም እንዲሁ ያድርጉ። ስሙ ካልተገኘና አርቢዋ የላቦራቶሪ ወረቀቱን ማሳየት ካልቻለች እዚያው ያብቃ።

ሄደው ይዩ

«እናቷን አይተህ ልጇን አግባ» የሚለው ምክር እዚህ ቃል በቃል ይሠራል። ቡችላ እናቷን በደምም በጠባይም ትወስዳለች፤ እናታቸው ከሰው ስትሸሽ እያዩ ያደጉ ቡችላዎች መሸሽን ይማራሉ። ስለዚህ ሲገቡ ዓይንዎ ቡችላዎቹ ላይ ከማረፉ በፊት እናትየዋን ይፈልጉ። ስታጠባ ስለከረመች ብትከሳና ጠጉሯ ቢሳሳ ያለ ነው፤ መጀመሪያ ብትጮህብዎትም ችግር የለውም። አርቢዋ ስትጠራት ጅራቷን እየቆላች ትመጣለች ወይስ ሆዷን መሬት አስጠግታ ትርቃለች? መልሱ እዚያ ነው። አባትየው ባይኖር አያስደንግጥዎ፤ ጥሩ አርቢ ለእናትየዋ የሚስማማውን አባት ከሌላ ክፍለ ግዛትም ቢሆን ፈልጋ ታመጣለች።

ከዚያ ቡችላዎቹን። ዓይናቸው ንጹሕ፣ ከጅራት ሥር ያለው ጠጉር ያልተበከለ፣ ሆዳቸው ያልተነፋ መሆን አለበት፤ የተነፋ ሆድ ብዙ ጊዜ የትል ምልክት ነው። ወለሉ ላይ ቁልፍ ይጣሉ። ደንግጠው ተመልሰው ሊያሸቱት ከመጡ ደህና ሆነው አድገዋል።

«ቤቴ አይመችም፣ መንገድ ላይ ያለ የመኪና ማቆሚያ እንገናኝ» የሚል ሰው እናትየዋ እንዳትታይ ይፈልጋል። አርቢዋ በእውነት ሩቅ ከሆነች በቪዲዮ ስልክ ይገናኙ፣ እናትየዋንና ቡችላዎቹን አንድ ላይ፣ በቀጥታ እንድታሳይዎት ይጠይቁ። ተቀድቶ የተላከ ቪዲዮ አይቆጠርም።

ገንዘብና ውል

ቀብድ መክፈል የተለመደ ነው፤ ነገር ግን አርቢዋን ካነጋገሩ፣ ሰነዱን ካዩና ደረሰኝ ካገኙ በኋላ። በስጦታ ካርድ የሚጠይቅ ሁሉ አጭበርባሪ ነው። በዜል የተላከ ገንዘብም ከሄደ አይመለስም። የማጭበርበሩ አካሄድ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ መጀመሪያ ዋጋው ያጓጓል፣ ቀብዱ ይላካል፣ በማግሥቱ «አየር መንገዱ የተለየ ሳጥን ይፈልጋል» ይባላል፣ ቀጥሎ «የጉዞ ኢንሹራንስ»፣ ቀጥሎ «ክትባት»፤ ሁሉም «በኋላ የሚመለስ» ነው። ቡችላ ኖሮ አያውቅም። ፎቶውን ጉግል ላይ በምስል ይፈልጉት፤ ሌላ አርቢ ገጽ ላይ ሊያገኙት ይችላሉ። ከውጭ አገር ቡችላ እናስመጣልዎታለን የሚል ካጋጠመዎትም ይህን ይወቁ፦ ከነሐሴ 1 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 6 ወር ያልሞላው ውሻ ወደ አሜሪካ መግባት አይችልም።

ውሉን ቤት ወስደው ያንብቡ፤ እንግሊዝኛው ከከበደዎት ልጅዎ ወይም ወዳጅዎ ያንብብልዎ። አንድ አንቀጽ ከሌለው አይፈርሙ፦ በማንኛውም ዕድሜዋ ማሳደግ ቢያቅትዎት አርቢዋ ውሻዋን መልሳ የምትወስድበት። ነገ ለሥራ ወደ ዴንቨር ልንሄድ፣ ወላጅ ለማስታመም አገር ቤት ልንጠራ ለምንችል ሰዎች ይህ ትልቅ ነገር ነው። የጤና ዋስትናውንም ልብ ይበሉ። «የታመመችውን መልሱ፣ ሌላ እንሰጣለን» የሚል ዋስትና ባዶ ነው፤ ልጆች የለመዷትን ውሻ ማን ይመልሳል? የተወሰነ ቪታሚን ካልገዙ ዋስትናው ይፈርሳል የሚልም አለ፣ እሱም ንግድ ነው።

ወደ ቤት ሲመጡ

በጣም ትናንሽ ዝርያዎችን ብዙ ጥሩ አርቢዎች እስከ 10 ወይም 12 ሳምንት ድረስ አይሰጡም። አይቸኩሉባቸው። ሲረከቡ የክትባትና የትል መድኃኒት ቀኖችን የያዘ ካርድ፣ የማይክሮቺፕ ቁጥርና ስትበላው የቆየችውን ምግብ ይውሰዱ፤ ማይክሮቺፑንም ወዲያው በስምዎ ያስመዝግቡ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ምግብ እንዳትዘል ይጠንቀቁ። ከዘለለች፣ ከተንገዳገደች ወይም ከፈዘዘች ስኳሯ ወርዶ ሊሆን ይችላል፤ ድዷ ላይ ትንሽ ማር ቀብተው ወደ ሐኪም ይሩጡ። ደህናም ብትሆን ውሉ ባስቀመጠው ጊዜ ውስጥ፣ ብዙ ጊዜ በ72 ሰዓት፣ የራስዎ ሐኪም ይያት።

ወደፊት አዲስ አበባ ይዘዋት ለመሄድ ካሰቡ ይህን ይወቁ፦ የአሜሪካው የበሽታ መከላከያ ማዕከል ኢትዮጵያን የእብድ ውሻ በሽታ ሥጋት ከፍተኛ ከሆነባቸው አገሮች መድቧታል። ለመመለስ እንዳይቸገሩ የአሜሪካ ክትባት ማረጋገጫ ቅጽ በተፈቀደለት ሐኪም ተሞልቶ በዩኤስዲኤ መጽደቅ አለበት፤ ይህም የሚሆነው ውሻዋ ከአሜሪካ ከመውጣቷ በፊት ነው።