የሕፃናት ሥዕል የት ይቀመጥ?

በሕፃናት ክፍል የምታስተምሩ ሁሉ እንደምታውቁት ከትምህርቱ በኋላ ልጆቹ የሚሥሉት ሥዕል ብዙ ነው። 30 ልጆች በየሳምንቱ አንዳንድ ወረቀት ቢሥሉ ከመስከረም እስከ ሰኔ ከ1000 ወረቀት ይበልጣል። ይህም በመስኮቱ ደፍ ላይ ተቆልሎ ይሰነብትና በጽዳት ቀን ከጥራጊ ጋር ይወጣል። በሚቀጥለው እሑድ ሕፃኑ «ሥዕሌስ?» ብሎ ሲጠይቅ መምህሩ መልስ የለውም።

በእኔ አስተያየት ይህ የጽዳት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ገና መጻፍ ያልለመደ ልጅ ትምህርቱ እንዴት እንደገባው ከምናውቅባቸው መንገዶች አንዱ ሥዕሉ ነው። የዳዊትንና የጎልያድን ታሪክ ተምሮ ሁለቱን በእኩል ቁመት የሣለ ልጅ የታሪኩ ፍሬ ነገር አልደረሰው ይሆናል። ይሁን እንጂ ከመፍረድ በፊት እርሱን መጠየቅ ይገባል፤ ምናልባት ጎልያድን ከሩቅ አቁሞት ይሆናል! ከጥቂት ወራት በኋላ ያው ልጅ የሣለውን ከፊተኛው ጋር ማስተያየት የሚቻለው ግን ፊተኛው ከተቀመጠ ነው።

አባቶቻችን የብራና መጻሕፍትን በቆዳ ማኅደር ከትተው በግድግዳ ላይ ማንጠልጠልን ያውቁ ነበር፤ ከመሬት እርጥበትና ከአይጥ ይርቃልና። በዓድዋ አቅራቢያ በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት ሥዕላውያን ወንጌሎች በካርቦን ምርመራ ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ የተዘጋጁ መሆናቸው ሲታወቅ ቀለማቸው ዛሬም ይታያል።

እኛም ለእያንዳንዱ ልጅ ትልቅ ካርቶን ለሁለት አጥፈን፣ ጎንና ጎኑን በሲባጎ ሰፍተን ማኅደር ልንሠራ እንችላለን። ስሙን ራሱ ይጻፍበት፤ መጻፍ የማይችለው የሚያውቀውን ምልክት ይሣልበት። በየሥዕሉ ጀርባ ስምና ቀን በእርሳስ ይጻፍ፤ እስክሪብቶ ወደ ፊቱ ያልፋልና። ማኅደሮቹ ሳይጠቀለሉ በሣጥን ውስጥ ተጋድመው ይደርደሩ፤ ሣጥኑም ከወለሉ ከፍ ባለ ጣውላ ላይ፣ የክረምት ዝናብ ከማያፈስበት ጥግ ይሁን። በውሃ ቀለም ወይም በዱቄት ማጣበቂያ የተሠራው በደንብ ሳይደርቅ አይከተት፤ ሻጋታው ለሌላውም ይተርፋል።

በግድግዳ ለማሳየት ሲባጎ ዘርግቶ በልብስ መቆንጠጫ መስቀል ከፕላስተር ይሻላል። ፕላስተር ሲነሣ ወረቀቱን ይልጣል። ያማረውን ብቻ መርጦ መስቀልን ግን አልደግፍም፤ ተራው ለሁሉም ይድረስ።

ሁሉንም ማስቀመጥ አይቻልም። በየሦስት ወሩ ልጁ ራሱ ሁለት ሥዕል ይምረጥ፣ መምህሩ አንድ ይጨምር፣ የቀረው ወደ ቤት ይሂድ። በዘመን መለወጫ ልጆች ሥዕል ሥለው ለጎረቤት የማበርከት ልማድ ስላለን ወላጆች ለዚህ እንግዳ አይደሉም። መስቀል ወይም የቅዱሳን መልክ ያለበት ወረቀት የዕቃ መጠቅለያ እንዳይሆን ለወላጅ በእጅ ይሰጥ።

መምህር ሲለወጥ ደግሞ ተተኪው ማኅደሮቹን በስም ዝርዝር ይረከብ፤ ከመጀመሪያው እሑድ በፊት አንድ ምሽት ቁጭ ብሎ ቢያገላብጣቸው ልጆቹን ሳያያቸው ማወቅ ይጀምራል።