ቀለም ቆጥረው የዘመቱ

አንድ ልጅ ከፊደል ተነሥቶ ዩኒቨርሲቲ እስኪጨርስ አሥራ አምስት፣ አሥራ ስድስት ዓመት ይማራል። በመጨረሻ ዲግሪ ይቀበላል። ዲግሪ ማለት በአንድ ሙያ መሠልጠኑን የሚያስረዳ ወረቀት ነው። ታዲያ ይህን ሁሉ የተማረ ሰው ውትድርና ቢገባ ምን ይጠቅማል? «ተኩስ ለመልመድ ይህ ሁሉ ዓመት ምን አስፈለገው?» የሚሉ ወላጆች አሉ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። መልሱን በአገራችን ከሆነ ነገር እንፈልገው።

በ1927 ዓ.ም. ሆለታ ላይ የጦር ትምህርት ቤት ተከፈተ። አስተማሪዎቹ የስዊድን መኮንኖች ነበሩ። ትምህርቱ ብዙም ሳይራመድ የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር አገራችንን ወረረ፤ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ከሆለታ የወጡት ወጣቶችና ውጭ አገር ተምረው የተመለሱ ሰዎች ግን ወለጋ ላይ ተሰባሰቡ። «ጥቁር አንበሳ» የተባለውን ማኅበር አቋቋሙ።

ሊቀ መንበሩ ማን ነበሩ? ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ። እንግሊዝ አገር የተማሩ የከብት ሐኪም ናቸው። አዎ፣ የከብት ሐኪም! ለበሬና ለላም መድኃኒት የተማሩ ሰው የአርበኞች መሪ ሆኑ። የሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ልጆች ዮሴፍና ቢንያምም እንግሊዝ አገር ምህንድስና ተምረው የመጡ የማኅበሩ አባላት ነበሩ።

በሰኔ 1928 ዓ.ም. የማኅበሩ ሰዎች ነቀምት አጠገብ፣ ቦናያ በተባለ ቦታ ያረፉ የጠላት አውሮፕላኖችን በሌሊት አቃጠሉ። አንድ የኢጣሊያ ጄኔራል እዚያው ሞተ። ይህ ትልቅ ጀብዱ ነው። ነገር ግን ያልተማረ ጀግናም እንዲህ ያለ ጀብዱ ብዙ ጊዜ ሠርቷል። እንደኔ እንደኔ፣ ትምህርታቸው ይበልጥ የታየው በጻፉት ወረቀት ነው።

ማኅበሩ አሥር ነጥብ ያለው መተዳደሪያ ሕግ ነበረው። የጦሩ አዛዥ ከፖለቲካው አመራር በታች ነው ይላል። ጠመንጃ የያዘ ሰው ብቻውን እንደፈለገ አይወስንም ማለት ነው። ምርኮኛን ማሠቃየት ይከለክላል። ገበሬውን መበደልም ይከለክላል።

ይህን የመጨረሻውን ደግማችሁ አንብቡት። በድሮ ጊዜ ጦር ሲዘምት ስንቁ የገበሬው ጎተራ ነበር። ወታደር ቤት ገብቶ ያድራል፤ እህሉን ይበላል፤ በጉን ያርዳል። ጠላት ሆነ ወገን፣ ለገበሬው ጎተራው መራቆቱ አይቀርም። እነዚህ የተማሩ ሰዎች፣ ያውም ስንቅ በቸገራቸው ጊዜ፣ ይህ ክልክል ነው ብለው ጻፉ። በእርግጥ ወረቀት ብቻውን በግ አያድንም። በቃል የተነገረ ትእዛዝ ግን ይካዳል፤ የተጻፈውን ማንበብ የሚችል ሁሉ ይጠይቅበታል። እንግዲህ ልጃችሁ ትምህርቱን ጨርሶ «ወታደር ልሁን» ቢላችሁ፣ ስለ ደመወዙና ስለ ማዕረጉ ብቻ አትጠይቁት። የሚገባበት ጦር ስለ ገበሬ ምን ሕግ እንዳለውም ጠይቁት።

ጥቁር አንበሶች ራስ እምሩን መሪ አድርገው ጥቂት ወራት ተዋጉ። በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ጎጀብ ወንዝ ላይ ተከበው እጃቸውን ሰጡ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ሲጣል፣ ፋሺስቶች የተማሩትን ወጣቶች እየለዩ ፈጁ። ዮሴፍና ቢንያምም ከተገደሉት መካከል ነበሩ።