ነጻነትና የመንግሥት ሥልጣን

ነጻነት መንግሥት ለሰው የሚሰጠው ሀብት አይደለም፤ እግዚአብሔር ሰውን በአርአያው ሲፈጥር የሰጠው ጸጋ ነው። መንግሥትም የተሾመው ይህን ጸጋ ሊጠብቅ እንጂ እንደ ራሱ ገንዘብ ሊሰጥና ሊነሣ አይደለም።

ጠባቂ የሌለው ነጻነት ምን እንደሚሆን ከገዛ ታሪካችን እንማራለን። በ13ኛው መቶ ዓመት በግብፅ በዐረብኛ ተዘጋጅቶ ኋላ ወደ ግእዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥት፥ ሰዎች ሁሉ በተፈጥሮ ሕግ ነጻ እንደ ሆኑ፥ ወደ ባርነትም ያወረዳቸው ጦርነትና ኀይል እንደ ሆነ ያስተምራል። ነገር ግን ይኸው መጽሐፍ ባርነትን ፈጽሞ ስላልከለከለ፥ እርሱን የሚያነቡ ሳይቀሩ በባሪያ ይገለገሉ ነበር። እውነቱ በብራና ተጽፎ ሳለ እናት ከልጅዋ ተለይታ ትሸጥ ነበር።

በ1916 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ባሮች ቀስ በቀስ ነጻ የሚወጡበትን መንገድ ከፈተ፤ የ1934 ዓ.ም. ዐዋጅም ባርነትን በሕግ ሻረ። እንግዲህ መንግሥት ደካማውን ለማዳን የብርቱውን እጅ ቢይዝ ነጻነትን መንፈጉ አይደለም። ራሱ ግን ሰውን ያለ ፍርድ ቢያስር ከባሪያ ፈንጋይ በምን ይለያል?

ደግሞም ዐዋጅ እጅን ይከለክላል እንጂ ልብን አያነጻም። ዛሬም ወንድሙን በዘሩ የሚንቅና በጋብቻ የሚርቀው አለ። ይህን ንቀት ከልብ የሚነቅለው ትምህርትና ንስሐ ነው። ስለዚህ ካህናትም ምእመናንም ሕግ የፈታውን ሰው በልባችን እንዳናስረው እንጠንቀቅ።