ልጅቱ ስትሄድ ወረንጦውን ማን ይያዝ?

ከአሶሳ ዙሪያ ለዚህ ዐምድ የተላከው ደብዳቤ የዐይን ሕመም ጥያቄ ይምሰል እንጂ፣ ጸሐፊዋን እንቅልፍ የነሣቸው ነገር ከዐይን አልፎ ቤተሰብ ውስጥ የሚገባ ነው። ጠያቂዋ በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ በልጅነታቸው ከወላጆቻቸው ጋር ከወሎ ተነሥተው አሶሳ ከሰፈሩት ወገኖች አንዷ ሲሆኑ፣ የላይኛው የዐይን ቆባቸው ፀጉር ወደ ውስጥ እየታጠፈ ስለሚወጋቸው ሴት ልጃቸው በየጊዜው በወረንጦ እየነቀለችላቸው ኖረዋል። አሁን ልጅቱ ራቅ ያለ ዩኒቨርሲቲ ተመድባለች። እናትየው እንድትቀርላቸው ቢጠይቋት በደል ይሆን እንደሆነ፣ የጎረቤታቸው ዐይን ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ፀጉሩ ተመልሶ ስለበቀለ እሳቸውም ሕክምናውን መሸሻቸው ትክክል እንደሆነ፣ አብሯቸው የሚተኛው የልጅ ልጃቸውም ሕመሙ ይጋባበት እንደሆነ ይጠይቃሉ፤ በመጨረሻም ቡና በተፈላ ቁጥር ጭሱ እንባቸውን ሲያወርደው ሰው እንዳያይባቸው ፊታቸውን ማዞር እንደሰለቻቸው ይገልጻሉ።

የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ አጭር ነው፤ ልጅቱ ትሂድ። እናት በልጇ እጅ መረዳቷ ነውር የለበትም፤ ይሁን እንጂ የእናቲቱ ዐይን በአንዲት ልጅ ጣቶች ላይ ብቻ ተንጠልጥሎ ከኖረ ችግሩ የልጅቱ መሄድ ሳይሆን ተተኪ አለመዘጋጀቱ ነው፤ ይህም እሷ ከመሄዷ በፊት ሊስተካከል የሚችል ነገር ነው። እንዴት እንደሚስተካከል ለመረዳት ግን በቅድሚያ ሕመሙ ራሱ ምን እንደሆነ ማወቅ ያሻል።

በደብዳቤው የተገለጸው ሁኔታ በሕክምና ትሪኪያሲስ ይባላል፤ ይኸውም የዐይን ቆብ ፀጉር አቅጣጫውን ስቶ ዐይንን የሚነካበት ሕመም ነው። በኢትዮጵያ ገጠር ዋነኛ መንሥኤው ሕዝቡ ማዝ የሚለው ትራኮማ ሲሆን፣ ክላሚዲያ ትራኮማቲስ የተባለው ባክቴሪያ በልጅነት ደጋግሞ የቆቡን የውስጥ ገጽ ሲያቆስለው፣ ቁስሉ በዳነ ቁጥር ጠባሳ እየተወ ይሄዳል፤ ጠባሳው በዓመታት ውስጥ እየተኮማተረ የቆቡን ጠርዝ ወደ ውስጥ ይጎትተዋል፤ ከዚያ በኋላ ዐይን በተርገበገበ ቁጥር ፀጉሩ ኮርኒያን፣ ማለትም ከብሌን ፊት ያለውን ጥርት ያለ ሽፋን፣ ይፍቀዋል። ሲፋቅ የኖረ ኮርኒያ ነጭ ጠባሳ ያወጣል፤ በዚህ ምክንያት የደበዘዘ ብርሃን ደግሞ ፀጉር በመንቀልም ሆነ ቆብን በቀዶ ሕክምና በማቃናት ወደ ቀድሞው አይመለስም። የሕክምናው ሁሉ ዓላማ ጉዳቱ ኮርኒያው ላይ ከመድረሱ በፊት መቅደም ነው።

ከዚህ አንጻር ጠያቂዋ ፊታቸውን የሚያዞሩበት ኀፍረት መሠረት የለውም። በጎልማሳነት የሚታየው የፀጉር መታጠፍ የዛሬ ንጽሕና ጉድለት ውጤት ሳይሆን ከብዙ ዓመታት በፊት፣ ምናልባትም ገና ወሎ ሳሉ፣ በሕፃንነት የተያዙበት ሕመም ጠባሳ ነው። ብቸኛም አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 በተካሄደው አገር አቀፍ የዐይን ጥናት ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆናቸው ሕፃናት 40 በመቶ ያህሉ ንቁ ትራኮማ፣ 15 ዓመት ከሞላቸው ሰዎች ደግሞ 3 በመቶ ያህሉ ትሪኪያሲስ እንደነበረባቸው ተመዝግቧል። ሴቶች በትራኮማ የመታወር ዕድላቸው ከወንዶች እስከ አራት እጥፍ እንደሚደርስ የዓለም ጤና ድርጅት ይገልጻል፤ ምክንያቱም ሕፃን የሚያዝሉት፣ አፍንጫና ዐይኑን የሚጠርጉለት፣ አቅፈውት የሚተኙት በአብዛኛው እነሱ በመሆናቸው ባክቴሪያው ሲመላለስባቸው ይኖራል። አሶሳ የምትገኝበት ቤኒሻንጉል ጉሙዝም እ.ኤ.አ. ከ2012 እስከ 2016 በተካሄደው ዓለም አቀፍ የትራኮማ ካርታ ሥራ በሰባት የጥናት አካባቢዎች ተከፍሎ የተመረመረ ክልል ስለሆነ፣ በአሶሳ ያለ የጤና ባለሙያ ፊት ቀርቦ ሕመሙን በስሙ መናገር እንግዳ ነገር አይሆንም።

አሁን ወደ ወረንጦው እንመለስ። ፀጉር መንቀል የድሃ መላ ተብሎ የሚናቅ ነገር አይደለም፤ እንዲያውም በአማራ ክልል በ1,300 ሰዎች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት ይህንኑ ልማድ ከቀዶ ሕክምና ጋር አነጻጽሮታል። የተመረጡት ዐይናቸውን የሚነኩ ፀጉሮች ከስድስት ያነሱባቸው፣ ማለትም ቀላል የሚባለው ትሪኪያሲስ ያለባቸው ሰዎች ሲሆኑ፣ እኩሌቶቹ ቀዶ ሕክምና ሲደረግላቸው ለሌሎቹ ጥሩ ወረንጦ ተሰጥቶ አብሯቸው የመጣው ዐይኑ ደኅና የሆነ ሰው አነቃቀሉን እንዲማር ተደረገ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሕክምናው ያልሠራላቸው ፀጉራቸው ከተነቀለላቸው 13 በመቶ፣ ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው ደግሞ 2 በመቶ ያህል ሆኑ፤ በእይታና በኮርኒያ ጠባሳ በኩል ግን በሁለቱ ወገኖች መካከል ልዩነት አልታየም። ከዚህ የሚወሰደው ፍርድ ሁለት ገጽ አለው፤ ቀዶ ሕክምና ይበልጣል፣ ሆኖም ፀጉሩ ጥቂት ለሆነበትና ቀዶ ሕክምናን ለጊዜው ላልተቀበለ ሰው በሚገባ የተደረገ ነቀላ ዐይንን ጠብቆ ሊያቆይ ይችላል። ዋናው ቃል በሚገባ የሚለው ነው።

በየገበያው የሚሸጠው፣ ብዙ እናቶች ባንገታቸው አንጠልጥለው የሚዞሩት የአንጥረኛ ወረንጦ የተሠራው እሾህ ለማውጣት ነው። ጫፎቹ ካልገጠሙ ፀጉሩን ከሥሩ መንቀሉ ቀርቶ ከመካከል ይሰብረዋል፤ የተሰበረ ፀጉር ደግሞ አጭርና ደረቅ ስለሚሆን ከረጅሙ የባሰ ይወጋል። ስለዚህ ነቃዩ ከመግዛቱ በፊት ጫፎቹን በብርሃን ፊት ገጥሞ ማየት፣ በመካከላቸው ብርሃን ካለፈም መተው አለበት። ነቀላው በቀን፣ በበር ወይም በመስኮት ብርሃን፣ ጭስ በሌለበት ቦታ ይደረጋል፤ እጅ በሳሙና ይታጠባል፣ ወረንጦውም ተቀቅሎ ይቀዘቅዛል። ታካሚዋ ወደ ታች እያዩ ነቃዩ የላይኛውን ቆብ በአውራ ጣቱ ቀስ አድርጎ ወደ ላይ ይስበዋል፣ ጠርዙ ከዐይን ሲላቀቅም ዐይንን የሚነካውን ፀጉር ብቻ ከሥሩ ይዞ በበቀለበት አቅጣጫ በአንድ ጊዜ ያወጣዋል፤ ቀጥ ብሎ ወደ ውጭ የበቀለው ፀጉር ዐይንን ከአቧራ የሚጠብቅ በመሆኑ አይነካም። ፀጉሩ በሳምንታት ውስጥ ተመልሶ ስለሚበቅል እስኪወጋ መጠበቅ አይገባም፤ ሲወጋ ከተነቀለ እኮ ኮርኒያው አስቀድሞ ተፍቋል። ወረንጦውም ለጎረቤት አይዋስም።

ጠያቂዋ ራሳቸው ቢነቅሉስ የሚል ሐሳብ መምጣቱ አይቀርም። ከአርባ ዓመት ዕድሜ በኋላ ግን የቅርብ ነገር የማየት ችሎታ ስለሚደክም፣ የሚነቀልበትን ዐይን ደግሞ ለማየት መጠቀም ስለማይመች፣ በመስታወት ፊት የሚደረግ ነቀላ ብዙ ጊዜ የተሰበረ ፀጉርና የተጫረ ዐይን ያተርፋል። የሚሻለው የቅርብ እይታው ደኅና የሆነና እጁ የማይንቀጠቀጥ ሌላ ሰው ነው፤ በአማራ ክልሉ ጥናት አጃቢዎቹ መማር እንደቻሉ ሁሉ ልጅቱም ያላትን ሙያ ለወንድሟ ወይም ለቅርብ ጎረቤት ማስተማር ትችላለች። በደብዳቤው ውስጥ ባል የተጠቀሰው አንድ ጊዜ፣ ያውም ማሽላ ሊያጭድ ስለ መሄዱ ብቻ ነው፤ ማሽላ የሚያጭድ እጅ ፀጉር መንቀል የሚሳነው አይመስልም፤ የቅርብ ነገር ማየት ከቸገረውም የማንበቢያ መነጽር ይረዳዋል።

እዚህ ላይ የነቀላ ድንበር መታወቅ አለበት። ዐይንን የሚነኩት ፀጉሮች ከአምስት ከበለጡ፣ የቆቡ ጠርዝ ራሱ ወደ ውስጥ ከዞረ፣ ብሌኑ ላይ ዳመና የመሰለ ነጭ ነገር ከታየ፣ ወይም ነቀላው ከወትሮው እየተቀራረበ ከመጣ ወረንጦው ሥራውን ጨርሷል፤ የሚቀጥለው ቀዶ ሕክምና ነው። ሕክምናው ከባድ አይደለም፤ ቆቡ በመርፌ ደንዝዞ፣ ጠባሳው ያለበት የውስጥ ክፍል ተሰንጥቆ ጠርዙ ወደ ውጭ ተቃንቶ ይሰፋል፤ ታካሚውም በዚያው ቀን ወደ ቤቱ ይመለሳል። ሥራውን የሚሠሩት በጤና ጣቢያዎች ለዚሁ የሠለጠኑ ነርሶችና የዐይን ሕክምና ባለሙያዎች ናቸው።

የጎረቤትየዋ ታሪክ ሐሰት ነው ማለት ግን ታማኝነት አይሆንም። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ፀጉር ተመልሶ የሚበቅልባቸው ሰዎች ጥቂት አይደሉም፤ በአማራ ክልል በ1,000 ታካሚዎች ላይ ሁለት የቀዶ ሕክምና ዘዴዎችን አነጻጽሮ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት፣ በአንድ ዓመት ውስጥ በአንደኛው ዘዴ ከታከሙት 22 በመቶ፣ በሌላኛው ከታከሙት 13 በመቶ ያህሉ ፀጉሩ እንደተመለሰባቸው አሳይቷል። የተሻለው ውጤት የተገኘው ቆቡን ከውጭ እስከ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ሳይሆን ከውስጥ በኩል ብቻ በሚሰነጥቀው ዘዴ ነው። በኢትዮጵያ የተደረገ ሌላ ጥናትም ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የሚዋጥ አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ አዚትሮማይሲን፣ ከቴትራሳይክሊን የዐይን ቅባት ጋር ሲነጻጸር፣ ሕመሙ ተመልሶ የመምጣቱን ዕድል በአንድ ሦስተኛ ገደማ እንደሚቀንስ አረጋግጧል። እንግዲህ የፀጉሩ መመለስ የጎረቤትየዋ ጥፋትም ሆነ ሕክምናውን ሐሰት የሚያሰኝ ማስረጃ አይደለም፤ አብዛኞቹ ታካሚዎች ይድናሉ፣ የተመለሰባቸውም ብዙ ጊዜ ከበፊቱ ያነሰ ፀጉር ቢኖርባቸውም እንደገና መታየት ይገባቸዋል። ጎረቤትየዋም ቤት ከመቀመጥ ተመልሰው ቢታዩ ይሻላቸዋል።

አንድ ነገር በተለይ መጠቀስ አለበት። አንዳንድ ሴቶች ለምርመራ ሲሄዱ ንጹሕ ሆነው ለመቅረብ ጠዋት ተነቅለው ይሄዳሉ፤ መርማሪውም የሚነካ ፀጉር ሲያጣ ደኅና ናቸው ብሎ ሊመልሳቸው ይችላል። በዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ ግን ፀጉሩ በቅርቡ የተነቀለ ሰውም ታማሚ ሆኖ ስለሚቆጠር፣ ለምርመራ ሲባል ጠዋት አለመነቀል፣ ከተነቀሉ ደግሞ መቼና ስንት ፀጉር እንደተነቀለ ለመርማሪው በግልጽ መናገር ያስፈልጋል።

የልጅ ልጁን በተመለከተ የጠያቂዋ ፍርሃት አቅጣጫውን የሳተ ይመስላል። የታጠፈ ፀጉርና የቆየ ጠባሳ በራሱ አይጋባም፤ ባክቴሪያው በብዛት የሚገኘው በሕፃናት ዐይንና አፍንጫ ፈሳሽ ውስጥ ስለሆነ አብሮ በመተኛት የሚተላለፈው ይበልጡን ከልጅ ወደ አዋቂ ነው። ሕፃኑ ዐይኑ የሚቀላና ዐይናር የሚበዛበት ከሆነ በጤና ኬላ መታየት፣ ፊቱም በየቀኑ በሳሙና መታጠብ አለበት፤ ለአፍንጫው የሚውለው ጨርቅ ለሌላ ሰው ፊት መዋል የለበትም። ማዝ አስተላላፊው ዝንብ የሚራባው ሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ዐይነ ምድር ላይ በመሆኑ መጸዳጃ ቤትም የዐይን ሕክምና አካል ነው። ኩል የሚኳሉ ሴቶችም መኳያ እንጨታቸውን ባይዋዋሱ ይመረጣል።

የቆብ ሕመም ሁሉ ግን ትሪኪያሲስ አይደለም፤ የቆቡ ጠርዝ በፎሮፎር መሰል ቅርፊት የሚሸፈንና የሚያሳክክ ሆኖ ፀጉሩ ግን ወደ ውጭ የቆመ ከሆነ፣ ሕመሙ ብሌፋራይቲስ የተባለው የቆብ ጠርዝ ብግነት ሊሆን ይችላል፤ እሱም እየተመላለሰ የሚኖር ቢሆንም በሞቀ ንጹሕ ውኃ የተነከረ ጨርቅ ለጥቂት ደቂቃዎች ቆቡ ላይ በማሳረፍና ቅርፊቱን ቀስ ብሎ በማጽዳት ይቀልላል፤ ፀጉር አይነቀልበትም።

ዐይን በድንገት ቢቀላ፣ ብርሃን ማየት ቢያስጨንቀው፣ መግል ቢያወጣ ወይም እይታው ቢደበዝዝ ግን ኮርኒያው ቆስሎ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መሄድ ግዴታ ነው፤ የቅጠል ጭማቂ መጨመርም ሆነ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከመድኃኒት መደብር የተገዛ ስቴሮይድ ያለበትን ጠብታ መጠቀም ዐይኑን ለጥፋት ይዳርገዋል።

ልጅቱ ወደ ትምህርቷ ከመሄዷ በፊት እናትና ልጅ፣ ወረንጦውን የሚረከበውንም ሰው አስከትለው፣ አሶሳ በሚገኝ የመንግሥት ጤና ተቋም አብረው ቢቀርቡ ይመከራል፤ ባለሙያው የቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ከሰጣቸው ይቀበሉት፣ ነቀላው ለጊዜው ይበቃል ካለም አነቃቀሉን ለተተኪው ያሳይላቸው፣ የሚቀጥለውንም የምርመራ ቀን አስጽፈው ይመለሱ።